ማንም ያልሞተበት ድንኳን

ጂቱን ለማያውቃት ሰው የማስተዋውቃት እንዲህ ብዬ ነው፦ «አይሆንም» የሚለውን ቃል በአማርኛም በኦሮምኛም ነግረናታል፤ በሁለቱም አልገባትም። ቡራዩ ውስጥ፣ ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ፣ እኔ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። እሷ ደግሞ ከሱቄ ጎን ባለች አንዲት ክፍል የሚኒባስ ወንበር ልብስ ትሰፋለች። ሾፌሮች የተቦጫጨቀ ወንበር ያመጡላታል፣ ስፖንጁን ቀይራ፣ ጨርቁን ወጥራ ትመልስላቸዋለች። ስትሰፋ አታወራም፣ ስታወራ አትሰፋም። ጎረቤት ከሆንን ወዲህ ከአንዲት ጠዋት በቀር ተሸንፋ አላየኋትም፤ ያቺም ሽንፈት እስከ ቀትር አልቆየች። ይህን የምለው ስለምወዳት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ታናድደኛለች።

ባሏ ዲሪርሳ የአሸዋ መኪና ይነዳል፤ ሰፈር ውስጥ የሚታየው አንዳንዴ ነው። ልጃቸው ሶያማ ስድስተኛ ክፍል ናት። ቀጭን፣ ጠያቂ፣ በግትርነት እናቷን ቁርጥ። ትምህርት ቤቷ ውስጥ ስካውት ሲቋቋም ገባችና አንገቷ ላይ ስካርፍ አስራ ስትመጣ ሰፈሩ «ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?» እያለ ቀለደባት። እሷ እቴ! ቋጠሮ መቋጠር ተምራ የሱቄን ወንበሮች እርስ በርስ አስራቸው ትሄዳለች። ደንበኛ አቁሜ ወንበር ስፈታ የዋልኩበት ቀን አለ።

በልጉ ሊገባ ሲል አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጣችና እናቷ በር ላይ ቆመች።

«እማ፣ ድንኳን ያስፈልገኛል!»

ጂቱ መቀሱን ጣለችው። «ማን ሞተ?»

አይፈረድባትም። በኛ ሰፈር ድንኳን ማለት እድር ነው፣ እድር ማለት ደግሞ ለቅሶ ነው። ለሰርግም ይተከላል፤ ግን የሰርግ ወሬ ቀድሞ ስለሚናፈስ ማንም አይደነግጥም። ሳይወራ የተተከለ ድንኳን ካየን አንጠይቅም። ነጠላችንን አዘቅዝቀን «ወዮ» እያልን እንገባለን፤ ማን እንደሞተ የምንሰማው ካለቀስን በኋላ ነው።

ሶያማ አስረዳች። ስካውቶቹ ሱሉልታ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ሊሰፍሩ ነው። መሪያቸው ወንዲ የሚባል የስፖርት አስተማሪ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ በስስ ብርድ ልብስ አድሮ በብርድ ክፉኛ ስለታመመበት፣ ዘንድሮ ቁርጡን ተናግሯል። የሚያድርበት ድንኳን፣ የሚያሞቅ መኝታና የሚሸከምበት ቦርሳ የሌለው ልጅ አይሄድም። ከጉዞው በፊት ባለው ቅዳሜ የሁሉንም ዕቃ እሱ ራሱ ያያል።

«ከሌለኝ እቀራለሁ» አለች ሶያማ። ግን አላለቀሰችም።

ጂቱ በማግስቱ አዲስ አበባ ሄዳ የካምፕ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገባች። ስትመለስ ሱቄ በር ላይ ጠብቄ «እህ፣ እንዴት ነው?» አልኳት።

«የሺ ሙች፣ የድንኳኑን ዋጋ ሲነግረኝ ‹ከነቦታው ካርታ ነው እንዴ የምትሸጠው?› አልኩት!»

ይህን ብላ ሳቀች። ጂቱ ስትስቅ ነው መፍራት። ለካ ዋጋ ብቻ ጠይቃ አልወጣችም፤ እያንዳንዱን ዕቃ እየገለበጠች ስፌቱን ስታይ ቆይታለች። ሻጩ ሊያስወጣት ምንም አልቀረው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሾፌሮቹ ወንበር ጥግ ያዘ። መጀመሪያ ቦርሳውን ሰራች። ከጭነት መኪና ሸራ ትራፊ ሰፋችው፤ ማንገቻውን ጋራዥ ከተጣለ የመኪና ቀበቶ አወጣችና ትከሻ እንዳይቆርጥ ስፖንጅ ከተተችበት። ቀጥሎ መኝታው ሆነ። ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ጥጣቸው ያበጠ ሁለት ትልልቅ ጃኬቶች መርጣ እጅጌያቸውን ቆረጠች፣ አገጣጠመቻቸው፣ ውስጡን በብርድ ልብስ ለበደችው። ጎኑ ላይ የወንበር ልብስ ዚፕ አደረገችለት።

«ይህቺ ልጅ ጃኬት እስከ እግሯ ልትለብስ ነው?» ብዬ ሳቅኩባት።

«ገብተሽ ሞክሪው» አለችኝ። ገባሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ደንበኛ ባይጠራኝ አልወጣም ነበር።

ጫማውም ከሰልባጅ ተገኘ፤ ትንሽ ቢሰፋትም ወፍራም ካልሲ ይሞላዋል። መሬቱ እንዳይበርዳት ስፖንጅ በላስቲክ ተጠቀለለ። የቀረው ድንኳኑ ነበር። የመኪናውን ሸራ እንዳትሰፋው ለልጅ ጀርባ ይከብዳል፤ ላስቲኩ ደግሞ ንፋስ ሲያገኘው ይቀደዳል። እዚህ ላይ ነው ጂቱ እድራችንን ያስታወሰችው። አዲስ ድንኳን ገዝተን አሮጌውን ዕቃ ቤት ጥለነው አይጥ እየተጫወተችበት ነበር።

እሁድ ስንሰበሰብ ተነስታ፣ ደህና ከሆነው ጨርቅ ለልጇ የሚበቃ እንዲሰጧት ጠየቀች። የንብረት ኃላፊያችን አቶ ብዙነህ ገና ሳትቀመጥ ዘሎ ተነሳ።

«የእድር ዕቃ ለጨዋታ አይቆረጥም! ይሄ የአባላት ንብረት ነው!»

ሰብሳቢያችን ኦቦ ነገሳ መነጽራቸውን አወለቁ። «ብዙነህ፣ አይጧ ስትቆርጠው አባልነቷን ጠይቀሃታል?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ጨርቁም ተፈቀደ። ብዙነህ ግን አልሳቀም።

ጂቱ ጨርቁን አጥባ፣ ሰፍታ፣ ስፌቱን ሁሉ ውሃ እንዳያስገባ ሻማ እየቀባች ጨረሰችው። ቋሚውን ከቀርከሃ አዘጋጀች። ግቢያቸው ጠባብ ስለሆነ በሚቀጥለው እሁድ ጠዋት፣ ግማሹ ሰፈር ቤተክርስቲያን ሳለ፣ ከበራቸው ፊት ለፊት ተክላ ልትሞክረው ተነሳች። ለማንም አልተናገረችም። መናገር ነበረባት!

እኔ ከቅዳሴ እየተመለስኩ ነው። ጥጉን ስዞር ጂቱ በር ላይ ድንኳን ቆሟል። ጨርቁን አወቅሁት፤ እሱ ስር ለስንት ሰው አልቅሻለሁ! ለሶያማ መሰጠቱ ከነጭራሹ ከራሴ ጠፋ። የመጣልኝ ዲሪርሳና የአሸዋ መኪናው ነው። መቼ ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅኩ አላውቅም።

«ወዮ! ዲሪርሳ! ዲሪርሳ ወንድሜ! ያ መንገድ በላህ!»

ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ተቀበሉኝ። ከየቤቱ ሰው ወጣ። «ማል ታኤ? ማል ታኤ?» ይላል አንዱ፤ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ ሁሉም ግን ያለቅሳል። አንዷ ጎረቤታችን ለቁርስ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ሳትቆርሰው ተሸክማ እየሮጠች መጣች። ደረቴን እየመታሁ በሩ ጋ ስደርስ ዲሪርሳ ራሱ መፋቂያውን እንደነከሰ ከውስጥ ብቅ አለ።

«እትዬ የሺ፣ ማን ሞተ?» አለኝ ደንግጦ።

«አንተ!» አልኩት።

በዚህ መሃል የድንኳኑ በር ተገለጠና የሶያማ ጭንቅላት ወጣ። ተኝታ ነበር መሰለኝ፣ ጸጉሯ ቆሟል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ሳቁ ከየት እንደጀመረ እንጃ፣ እኔ እንባዬን ሳልጠርግ ነው የሳቅኩት። ዲሪርሳም «በቁሙ ለቅሶውን ያየ ሰው እኔ ብቻ ነኝ» እያለ ጉራውን ጀመረ።

ሳቁን ያቋረጠው ብዙነህ ነው። «አላልኩም? የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ልጅ ማስተኛት! በገዛ ልጇ ላይ ታሟርታለች!»

ቃሉ እንደወጣ፣ አሁን ይስቁ የነበሩት ሴቶች አማተቡ። እኔም ፈራሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ስለ ጨርቅ ቢሆን ጂቱ መቶ ሰው ትረታለች፤ የልጇ ነፍስ ሲነሳ ግን እጇ ተያዘ። ፊቷ አመድ መሰለ። ጎንበስ ብላ ገመዱን መፍታት ጀመረች። ሶያማ ድንኳኑ በር ላይ እንደተቀመጠች አንገቷ ላይ ያለውን ስካርፍ ፈታችና ጭኗ ላይ አጠፈችው። ዕቃ የሚታይበት ቅዳሜ ደርሷል፤ ሌላ ጨርቅ የለም፣ ሌላ ጊዜም የለም።

የዚያን ጊዜ አዴ ተረፈች ደረሱ። በእድራችን ከሳቸው የሚበልጥ በእድሜ የለም። ሊያለቅሱ ነበር የመጡት፤ ምርኩዝ ይዘው ስለሚራመዱ ዘገዩ። ነገሩን ሁሉ ከነገርናቸው በኋላ ወደ ድንኳኑ ሄዱ፣ ምርኩዛቸውን ለሶያማ ሰጡ፣ በጉልበታቸው ገቡና ጋደም አሉ። እግራቸው ብቻ ውጭ ቀረ። ሁላችንም ያንን እግር እያየን ቆምን።

«ጂቱ» አሉ ከውስጥ፣ «የበኩር ልጄን የዳርኩት በዚህ ድንኳን ነው። ባሌንም ያለቀስኩት በዚሁ ነው። ድንኳኑ ማንን ገደለ? ሰው እንዳይበርደው ቆመ እንጂ ምን አጠፋ? ይህችንም ልጅ እንዳይበርዳት ይቁም።»

ብዙነህ ጉሮሮውን ጠረገ። «አዴ፣ እርስዎ እንዲያ ይበሉ እንጂ...»

«አንተ ዝም በል! ለቅሶ ከሆነ ይኸው ዛሬ አልቅሳችሁ ጨረሳችሁ። ለዚህ ድንኳን የቀረው ደስታ ነው።»

ወጡና የሶያማን ጭንቅላት በሁለት እጃቸው ይዘው እንትፍ እንትፍ እያሉ መረቋት። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በሰላም ሂጂ፣ በሰላም ግቢ። ሆራ ቡላ!» ሁላችንም «አሜን» አልን። ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የጂቱ ድምፅ ነው። ብዙነህም ትንሽ ቆመ፣ ግራ ቀኙን አየ፣ ከዚያ «ይሄ ካስማ ላልቷል» ብሎ ድንጋይ አነሳና ይመታው ጀመር። እሱን ያህል ይቅርታ ከብዙነህ አይጠበቅም። ለለቅሶ የመጣውን ድፎ ዳቦ እዚያው ቆርሰን በላን።

ቅዳሜ ወንዲ ቦርሳውን ሶያማ ጀርባ ላይ አድርጎ አስራመዳት። «ዝቅ ብሏል፣ ወገቧን ይጎትታል» አለ። ጂቱ ተቆጣች፣ ተከራከረች፣ ከዚያ ልክ መሆኑን ስታየው መርፌዋን ከኪሷ አውጥታ እዚያው አሳጠረችው። ሌላው ሁሉ አለፈ። ሶያማ ግን ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም፤ ድንኳን ስላልነበራቸው ጥግ የቆሙትን ሁለት ጓደኞቿን፣ ያኔትንና ኤዶምን፣ እያየች ነበር።

«ጋሼ ወንዲ፣ የኛ ለሶስት ይበቃል» አለች።

ሶስቱም ሄዱ።

ወላጅ የሚጎበኝበት ቀን ሲደርስ ጂቱ፣ አዴ ተረፈችና እኔ አዲስ አበባን አቋርጠን፣ በሚኒባስ እንጦጦን ተሻግረን ሱሉልታ ገባን። ሜዳው ላይ ሰማያዊና ብርቱካናማ ድንኳን ተደርድሯል። የኛን ከሩቅ ለየነው፤ እንደ አንሶላ ነጣ ያለ ሆኖ ጎኑ ላይ ከእድሩ ስም የተረፈው ጽሕፈት ሳይደበዝዝ ቀርቷል፦ «መረዳጃ»። ልጆቹም ስሙን ወስደውታል። «መረዳጃዎች ውሃ ቅዱ! መረዳጃዎች ተሰለፉ!» ይባላል። አዴ ተረፈች ማንበብ ባይችሉም ሲነገራቸው በጣም ሳቁ።

ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ሰማዩ ጠቆረ። የሱሉልታ በረዶ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ ወረደብን። ወላጅ ሁሉ በየድንኳኑ ተበተነ። እኛም አዴን በሁለት በኩል ደግፈን ሮጥን። ሶያማ በሩ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋች።

«ጫማ አውልቁ!»

«በበረዶ?» ብዬ ጮህኩ።

«አውልቁ እትዬ የሺ! ውስጡ ይጨቀያል!»

አወለቅን። ከሶስቱ ልጆች ጋር ጉልበት ለጉልበት ተጣብቀን ተቀመጥን። በረዶው ጣሪያውን ይደበድባል። ጂቱ አንገቷን አቅንታ ስፌቶቿን አንድ በአንድ ስታይ ቆየችና ጣቷን ወደ ጨርቁ ሰደደች።

«እማ፣ አትንኪው! ከነካሽው ያፈሳል።»

ጂቱ እጇን ሰበሰበች። «ማን ነገረሽ?»

«ትናንት ሲዘንብ ነክቼው አየሁ። አሁን እኔ ነኝ የዚህ ድንኳን ኃላፊ፤ ጋሼ ወንዲ መርጦኛል።»

ኃላፊዋ ይህን እያለች ወንዲ ራሱ ከላይ እስከ ታች በስብሶ በሩን ገለጠ። የሱ ድንኳን በንፋሱ ወድቆበታል። «ቦታ አለ?» አለ። ሶያማ እግሩን አየችና «ጫማ» አለችው። መምህሩ ሳቀ፣ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ፈታ።

ጂቱን አየኋት። ልጇ ደረቅ ናት፣ ሙቅ ናት፣ ደግሞ ታዛለች። «የሺ፣ አንዲት ጠብታ እንኳ አልገባም» አለችኝ፤ ይህን ብላ ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔ ጂቱ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም። እልልታዬን ለቀቅኩት። አዴ ተረፈች ተቀበሉኝ፣ ሶስቱ ልጆች ተቀበሉን፣ ጂቱም እንባዋን ሳትጠርግ አብራን እልል አለች። ከጎናችን ያለው ድንኳን ምን እንደተገኘ ሳያውቅ እልል አለ፤ ከሱ ቀጥሎ ያለውም ቀጠለ። በረዶው እየወረደ ሜዳው ሙሉ እልልታ ሆነ።