አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ሞተር

ባህሩዲን ሽፋ ዲላ ውስጥ በያጅ ነበር። ከስልጤ የመጣው በዐሥራ ሁለት ዓመቱ፣ በአጎቱ በሐጂ ነዚፍ ሱቅ ውስጥ ስኳር እንዲመዝን ነው፤ እሱ ግን ስኳሩን ትቶ ሚዛኑን ፈታው። ሐጂ ነዚፍ አልተቆጡም። በማግስቱ እጁን ይዘው ወደ አንድ ግሪካዊ ጋራዥ ወሰዱት።

እዚያ የቡና መፈልፈያ ማሽን ሲጠግን አደገ። አብዮቱ በፈነዳ በዓመቱ ግሪካዊው አገሩ ሲገባ፣ ጥግ ላይ ተጋድማ የኖረች አሮጌ የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት ተወለት። "ከተነሣች ያንተ ናት፤ ካልተነሣች የዶሮ ማደሪያ አድርጋት" ብሎት ነበር። ሁለት ዓመት ፈጀችበት። ፒስተኗን ከወፍጮ ሞተር ፒስተን ሞርዶ፣ ካቴናዋን ከሁለት አሮጌ ካቴና ቀጥሎ አስነሣት።

ረህማ የምትባለውን ሚስቱን ያገባ ዕለት ከኋላው አስቀምጦ ዲላን አዞራት። ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን ጪጩ ይዟት ይሄዳል። እሷ ቅቤ እያሸተተች ትከራከራለች፤ እሱ ሞተሯ አጠገብ ቆሞ ሰው ሲያያት ያያል።

በ1973 ዓ.ም. መስከረም ላይ የቡና አሰባሰብ ኮሚቴው ማስታወቂያ ለጠፈ። በአውራጃው ያለ፣ ሁለት ሰው ወይም ጭነት የሚይዝ ሞተር ብስክሌት ሁሉ ተመዝግቦ በምርቱ ወራት ለኮሚቴው ያገለግላል ይላል። ባለፈው ዓመት እንዲሁ የተወሰደች የአንድ መምህር ሞተር ስትመለስ፣ ጠግናት ብለው ያመጡለት ለባህሩዲን ነበር። ብየዳ የሚይዝ ደህና ብረት አላገኘባትም።

ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ የጋራዡን በር ከውስጥ ዘግቶ መጋዝ አነሣ።

መጀመሪያ ያሰበው የኋላውን መቀመጫና የዕቃ መጫኛ ፖርታመጋላውን ቆርጦ መጣል ብቻ ነበር። ሁለት ሰው ካልያዘች አትመዘገብም፤ ሐሳቡ ይኸው ነው። ግን የተቆረጠ ብረት ጫፉን ሻካራ አድርጎ መተው አይሆንለትም። ሞረደው። ኋላዋ ሲቀል ፊቷ ከበደበት፤ መሪውን ፈትቶ፣ ገልብጦ፣ ዝቅ አድርጎ አሰረው። እጁ ዝቅ ሲል ጉልበቱ የቤንዚን ሰልባትዮውን ገጨ፤ ሰልባትዮውን አውርዶ ቤንዚኑን አራገፈና፣ ጉልበት እንዲገባበት ግራና ቀኙን ቀጥቅጦ አጎደጎደው። የጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎዎቹን አሳጠረ። የጭስ ማውጫ ማርሚታውን ቀና አደረገ። ከጭነት መኪና ወንበር ቆዳ ቆርጦም፣ ኋላው እንደ በሬ ሻኛ ከፍ ያለ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን መቀመጫ ሰፋላት። አንዱን ሲነካ ሌላው አላምር እያለው ሦስት ሳምንት ሄደ።

ረህማ ምሳ ይዛ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"የኔስ ቦታ?"

"ቆረጥኩት።"

"እሱንማ አየሁ።"

"እንዳይወስዷት ነው፣ ረህማ። ምርቱ ይለፍና እመልሰዋለሁ።"

"እስኪ ውጣባት።"

ወጣ። ደረቱ ሰልባትዮውን ሊነካ ትንሽ ቀረው።

"ሶላት ላይ ሩኩዕ ያጎነበስክ ነው የምትመስለው" ብላ ሳቀች። "ቂብላው ወዴት ነው ቢሉህ ምን ልትል ነው?"

"ወደ ጪጩ።"

"ጪጩማ ከእንግዲህ በእግሬ ነው" አለችና የምሳውን ሳህን አስቀመጠችለት።

የኮሚቴው ሊቀመንበር ጓድ ወንድይራድ መዝገቡን በብብቱ ይዞ የመጣው ሐሙስ ነው።

"ሁለት ሰው ትይዛለች?"

"አትይዝም፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ጭነትስ?"

"የት ላይ?"

ጓድ ወንድይራድ ዞራት። ሻኛዋን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። "ምነው እንዲህ ተላጨች? ሐዘን ላይ ናት እንዴ?"

"እርጅና ነው። የበሰበሰውን ቆርጬላት ነው።"

"አይ እርጅና!" አለና መዝገቡ ላይ 'ለአገልግሎት አትሆንም' ብሎ ጽፎ ሄደ።

ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ደግ ነበር። ባህሩዲን ግን ሞተሯን ገና አልነዳትም። በማግስቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ በኩፖን ያገኛትን ሁለት ሊትር ቤንዚን ጨምሮላት በጪጩ መንገድ ወጣ። ክብደቷን ጥላለችና እንደ ድሮው አታቃስትም፤ ገና ሲነካት ትነጠቃለች። ዳገቱ ላይ አንድ ላንድሮቨር እየተጎተተ ይሄዳል። የመንግሥት ታርጋ ነው። ልብ ያለው ሰው ከኋላው ቀስ ብሎ ይከተላል። "ፍሬን ያዝ ብዬ እጄን አዘዝኩት" ይላል ባህሩዲን ስለዚያ ቀን ሲያወራ፤ "እጄ ነዳጅ ሰጠ።" በግራ አልፎት ሄደ። መስኮቱን ከፍቶ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠው ጓድ ወንድይራድ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ ተጠራ።

"እርጅናው እንዴት አደረ?" አለው ጓድ ወንድይራድ።

ባህሩዲን መሬት መሬት አየ።

"ከባንኮ ጎቲቲ ማጠቢያ ጣቢያ የቡናው ልክ የተጻፈበት ወረቀት እዚህ እስኪደርስ ቀን ይፈጃል። የተለቀመ ቡና ደግሞ በዕለቱ ካልተፈለፈለ ይበላሻል። መኪና የት እንደምንልክ የምናውቀው ቡናው ከሸተተ በኋላ ነው። ለወረቀት አንድ ሰው ይበቃል። 'ሁለት ሰው' ብዬ ማስታወቂያውን ያበላሸሁት እኔው ነኝ።"

"ማን ሊነዳት ነው?"

ሊቀመንበሩ በአገጩ ወደ መስኮቱ አመለከተ። ውጭ፣ ባለፈው ዓመት የመምህሩን ሞተር ሲነዳ የከረመው ተላላኪ ግድግዳ ተደግፎ አገዳ ይመጥጣል።

"ሌላ ሰው የለም?"

"አንተ አለህ። እሷን ብቻ ትሰጠናለህ፣ ወይም ራስህ እየነዳህ እስከ ጥር ታገለግላለህ።"

"ጋራዤስ?"

"ጋራዥህን አልጠየቅንህም።"

ባህሩዲን አንድ ጊዜ ደግሞ በመስኮቱ አየ። "እኔ እነዳታለሁ" አለ።

ቤት ሲደርስ ነገሩን ሳይደብቅ ለረህማ ነገራት።

"እስከ ጥር ማን ይበይዳል?"

"ማንም።"

"ሰጥተሃቸው ብትመጣስ?" አለች ቀስ ብላ። "ብረት አይደለች?"

"ተላላኪውን አይተሽዋል?"

አይታዋለች። ሰኞ ማለዳ፣ ነፋስ ደረቱን እንዳይመታው አሮጌ ጋዜጣ አጣጥፋ ከሸሚዙ ሥር አስገባችለት፤ አንገቱንም በራሷ ሻሽ አሰረችለት። እሱም ምርቱ ሲያልፍ ስለሚመልሰው መቀመጫ የሆነ ነገር ጀምሮ ነበር። "ሂድ፣ ይረፍድብሃል" አለችው።

ባንኮ ጎቲቲ ሲደርስ ሞተሯ እስከ ሻኛዋ ጭቃ ነበረች። የቡና ማጠቢያው ጣቢያ ዘበኛ፣ አንድ የጌዴኦ ሽማግሌ፣ ዙሪያዋን አይተው አይተው ጠየቁት።

"ይህች ሞተር የመንግሥት ናት?"

"ሞተሯ የኔ ናት፣ አባባ። የመንግሥት እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው እውነት ነው እንደሚል ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ቢሮው ሲሄዱ፣ በእንሰቱ ጥላ ሥር እንዲያቆማት በእጃቸው አሳዩት። ባህሩዲን አቆማትና መልሱ እስኪጻፍ ድረስ ከሰልባትዮው ላይ ጭቃውን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። ወርቃ ወደሚባለው ጣቢያ የሚደርስ ሌላ ደብዳቤ ገና ነበረው።