የሙስል ወጥ ጉርሻ

በፈረንጆቹ 2020 በኮቪድ ምክንያት የላስ ቬጋስ ሆቴሎች ሲዘጉ፣ ዘ ስትሪፕ በሚሉት የሆቴሎች ጎዳና ላይ ከምሠራበት ወጥ ቤት ተሰናበትኩ። ሥራ ፈትቼ ቤት በተቀመጥኩበት በዚያው ዓመት አረገዝኩ። ባሌ ኖርዝ ላስ ቬጋስ መጋዘን ውስጥ ሲሠራ ስለሚውል ውሎዬ ከፊት ለፊታችን ከሚኖሩት ትልቅ ሴት ጋር ነበር። እትዬ እላቸዋለሁ። ባለቤታቸው ትራክ ይነዳሉ፤ ከውቅያኖስ ዳርቻ ሲመለሱ ራሳቸው የለቀሙትን ሙስል፣ ያንን ባለ ጥቁር ዛጎል የባሕር ፍጥረት፣ በከረጢት ይዘው ይመጣሉ። እትዬ ከዛጎሉ አውጥተው በበርበሬ ይወጠውጡታል።

እኔ ሆቴሉ ውስጥ ሙስል ሳጥብ ኖሬ አንድም ቀን ቀምሼ አላውቅም። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ለምግብ አይነሣም። እትዬ ግን በእንጀራ ጠቅልለው አፌ ድረስ አመጡት። የትልቅ ሰው ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? ዓይኔን ጨፍኜ ዋጥኩት።

«ደም ይሆንሻል፤ የምትበዪው ለሁለት ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ አመል ሆነብኝ። አገር ምድሩ የሰው እጅ በሚፈራበት የኮቪድ ሰሞን እኔ ከእሳቸው እጅ እጎርስ ነበር። ደግሞም ጣፍጦኛል።

ለጥምቀት ልጃቸው ከሌላ ስቴት መጣች፤ እሷም እርጉዝ ናት። ገበታ ላይ አጠገቤ ስትቀመጥ እኔም በተራዬ አንድ ጉርሻ ጠቅልዬ ዘረጋሁላት። እትዬ የእጄን አንጓ ቀጨም አደረጉት፤ ወጡ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«ለሷ አይሆንም።»

«ለምን እትዬ?»

ልጅቷ መለሰችልኝ። «ማሚ አልነገረችሽም? ዳዲ ፒክ የሚያደርግበት ቢች ላይ ሳይን አለ፣ አትብሉ የሚል። ከላይ የድሮ ማይን አለ፣ ማዕድን ይወጣበት የነበረ፤ ሌድ ምናምን ወደ ውሃው ይገባል። ሙስሉ ውስጥ ይቀራል። ለቤቢ ባድ ነው።»

«እርስዎ ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«ትንሽ ምን ያደርጋል ብዬ ነው እንጂ። ያን ሁሉ መንገድ ይዞት የመጣውን እንዴት ልድፋው?»

«ትንሽ ከሆነ ለሷስ ምን አለበት?»

«እሷ እኮ የመጀመሪያዋ ነው» አሉ።

የኔም የመጀመሪያዬ ነበር። እትዬ ያንን ያውቃሉ። መድፋት ያሳዘናቸውን እኔ ላይ ደፉት። እንዲህ ብዬ ፊታቸው ላይ ብናገረው ይወጣልኝ ነበር፤ ግን ማስኬን አድርጌ ወጣሁ።

ደሜ ሲመረመር ልጅቷ ሌድ ያለችው መርዘኛ ብረት፣ እርሳስ፣ ተገኘበት። ሐኪሟ ብዙ አይደለም፣ እንከታተለዋለን አለችኝ። ሴት ልጄን በጸደይ ወለድኩ፤ ደህና ናት አሉኝ። በአራስነቴ እትዬ ገንፎ ይዘው መጥተው በሬን አንኳኩ። ቅቤው እስከ መኝታ ቤት ሸተተኝ፤ ርቦኝም ነበር።

ልጄ እየጠባች ነበር። እሷን ከጡቴ ላይ ሳላነሣ፣ በሩንም ሳልከፍት፣ እግራቸው ደረጃውን እስኪወርድ ጠበቅኩ።