ከጊታሩ ኋላ የነበረችው

ሙዚቃ ቤቱ ውስጥ ሁላችንም «ጆሮ» እንለው ነበር። ሦስት ክፍል ወዲያ ወንበር ሲጢጥ ቢል የትኛው እግሩ እንደላላ ይነግርሃል፤ ሚስቱ ስትጠራው ግን አይሰማም እያልን እናሽሟጥጠዋለን። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራው አሮጌ ቅጂ ማጽዳት ነበር፤ ኮሽታውን፣ ሳሉን፣ የበሩን ሲጥታ ከዘፈን ላይ እየለቀመ ያወጣል። እኔ አጠገቡ የቴፕ ክሮቹን መዝገብ እይዝ ነበር።

አለቃችን የአንድ አንጋፋ የብሉዝ ጊታረኛ ምርጥ ዘፈኖች በአንድ አልበም ይውጡ አለና የተቀዱባቸው አሥራ አራት ክሮች ለጆሮ ተሰጡ። ሰውየው የቀዷቸው በወጣትነታቸው፣ በገዛ መኝታ ቤታቸው፣ በአንድ ማይክሮፎን ነው። ጆሮ ሦስት ሳምንት አቀርቅሮ አጸዳቸው። ከጊታሩ ኋላ የምትሰማ አንዲት ጉምጉምታ በጣም አስቸግራው ነበር፤ እሷንም ነቅሎ ጣላት። ከዚያ እንደ ቤቱ ልማድ፣ ባዶ ክር አይበቃንምና፣ በአሮጌዎቹ ላይ ሌላ ቀዳንባቸው። ይጥፉ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

አልበሙ ወጣ፣ ተወደደ፣ የጆሮም ልብ ቅቤ ጠጣ። ሽማግሌው ሊሰሙት መጡ። አራቱን ዘፈን በፈገግታ ሰሙ። አምስተኛው ላይ ማዳመጫውን አወለቁ።

«ልጄ፣ እሷን የት አደረግሃት?»

ጆሮ ማንን እንደሆነ ሲጠይቃቸው ነገሩት። ሚስታቸውን ነው። እሳቸው ሲቀዱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ልብስ እየጠቀመች ታንጎራጉር ነበር። ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ፎቶዋ አለ፤ ድምጿ ግን ከእነዚያ ክሮች በቀር የትም አልነበረም።

ያኔውኑ እውነቱን መናገር ነበረበት። ፈራና ዋናው ክር መጋዘን አለ፣ ፈልጌ አገኝልዎታለሁ አላቸው። እኔም ነገሩን ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ መዝገቤን አገላበጥኩ። እስካሁን ሳስበው ራሴን እጠላዋለሁ።

ሽማግሌው በየረቡዑ መምጣት ያዙ። ሁለት አውቶቡስ ቀይረው፣ ጸጉራቸውን አበጥረው፣ ሊጠይቋት የመጡ ይመስል። ጆሮ «ለሳምንት» ይላቸዋል፣ እሳቸው ስላደከሙት ይቅርታ ጠይቀውና መርቀውት ይሄዳሉ። ጆሮን የጨረሰው ምርቃታቸው ነው። ምሳ መብላት ተወ፣ እኔን ማየትም ተወ። በሰባተኛው ረቡዕ ገና ሳይቀመጡ ቆሞ ተናገረ።

«ክሩ የለም አባባ። ያጠፋኋት እኔ ነኝ። የዋሸሁዎትም ፈርቼ ነው።»

ፊርማው የእኔ መሆኑን እኔም ተናገርኩ፤ የሰማኝ ያለ አይመስለኝም። ሽማግሌው ወንበሩን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ቢረግሙን ይሻለን ነበር።

«እንግዲህ መጨረሻ የሰማሃት አንተ ነህ» አሉ። «እኔ እርጅና ነው መሰለኝ ዜማዋ ጠፍቶብኛል። እስቲ እንዴት ነበር የምትለው? ትንሽ ብቻ በልልኝ።»

ጆሮ የት ላይ እንደምትገባ፣ የት ላይ እንደምትወጣ፣ በየትኛው ዘፈን ስንት ጊዜ እንደቆረጣት ያውቃል።

«አባባ፣ የሰማኋት ላጠፋት ነው» አለ። «ዜማዋን አልያዝኩም።»