ፈንጂ የተባለው ባትሪ

ኮምቦልቻ ካለው ጋራዤ የታጠቁ ሰዎች ሲወስዱኝ የእጄን ግራሶ እንኳ አላስጠረጉኝም። ፈንጂ ትሠራለህ ነው የተባልኩት። ፈንጂ ያሉት በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄድ የሃይብሪድ መኪና ባትሪ ነበር፤ ላጸዳው የኋላ ወንበሩን አንስቼ ሽፋኑን ፈትቼው ነበር።

ደሴ የታሰርኩበት ክፍል ድሮ እህል ቤት ሳይሆን አይቀርም፤ ግድግዳው በርበሬ በርበሬ ይሸታል። መርማሪው ውስጥ እግሬን በዱላ እየገረፈ "ለማን ነው የሠራኸው?" ይለኛል።

"የመኪና ባትሪ ነው። የደሴን ዳገት ሲወጣ ይግላል። ተሳፋሪ ቅሞ የጣለው የጫት ገረባ ማቀዝቀዣውን ወትፎ አየር አሳጥቶታል።"

"ጭራሽ በጫት ታሾፍብኛለህ?" አለና ሁለት ጣቶቼን ሰበራቸው።

በማግስቱ መኪናውን ግቢ ድረስ ጎትተው አመጡት። "ፈንጂ ካልሆነ እፊታችን ፍታና ወደ ቤትህ ሂድ" አሉኝ። የኤሌክትሪክ ጓንቴን ብጠይቅ ሳቁብኝ። በደህናው እጄ የኤሌክትሪክ ማቋረጫውን ነቀልኩና፣ እንደ ሥራችን ልማድ፣ ሽቦው ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪበርድ፣ "አሁን ትንሽ እንጠብቅ" አልኩ።

ግቢው በአንዴ ባዶ ሆነ። አንዱ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ተኛ። መርማሪው አጥር ሲዘል ሱሪው ተቀደደ። ምን ላድርግ፣ ሳቄ አመለጠኝ።

ፈንጂው አልፈነዳ ሲላቸው ተመለሱ። ለዚያች ሳቅ የፊት ጥርሶቼን በርግጫ አወለቁልኝ። ከዚያ መርማሪው ራሱ ሽፋኑን አሽቀንጥሮ ባዶ እጁን ወደ ባትሪው መዳቦች ሰደደ። ማቋረጫው ቢነቀልም እዚያ ውስጥ ሰው የሚገድል ኃይል አለ። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። በትከሻዬ ገፍትሬ ጣልኩት።

"ይገልሃል! ጓንቴን አምጡልኝና እኔ እፈታዋለሁ!" ብዬ ጮህኩ።

በሰደፍ ራሴን እስክስት ደበደቡኝ። ወደ ቤቴም የሄድኩት ያን ቀን አይደለም።

ስነቃ አብረውኝ የታሰሩ አንድ የሐርቡ ሐጂ በፎጣቸው ደሜን ይጠርጋሉ። "አብሽር ልጄ" አሉኝ። የሆነውን ነገርኳቸው። ፎጣውን ጨመቁና፣ "ወላሂ፣ እኔ ብሆን እተወው ነበር" አሉ።

"አስቤበት ቢሆን እኔም እተወው ነበር፣ ሐጂ።"

ያለ ክስ ከተለቀቅኩ ቆየሁ። ሁለቱ ጣቶቼ ዛሬም አይታጠፉም፤ ብሎን የምይዘው በሦስቱ ነው። መርማሪውን እጠላዋለሁ፣ ይቅርም አላልኩትም። ሌሊት ከእንቅልፌ የሚያባንነኝ ዱላው ነው። የእሱ ሬሳ ቢሆን ኖሮ ግን አልችለውም ነበር።