ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የሚለወጠው ኮምፒውተር

ሮቤ ውስጥ፣ ወደ ጎባ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከተቀመጠ ሦስተኛው ጉዳዩን በር ላይ ቆሞ ይናገራል። ሥራዬ ማመልከቻ፣ ውልና የሥራ ልምድ ማስረጃ መጻፍ ነው። ለዚህ ሥራ ሦስት ኮምፒውተሮች አሉኝ። ሦስቱንም የገዛኋቸው አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃውን በጨረታ ሲያስወግድ ነው። ያስረከበኝ ሰውዬ "ሁሉም ይሠራሉ" ብሎኛል። አልዋሸም። በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሠሩ እኔ አልጠየቅኩትም፤ እሱም በራሱ ተነሳሽነት ሊነግረኝ አልፈለገም።

ፍጥነታቸውን የምለካው በሰላምታ ነበር። ከሲናና ወረዳ የሚመጡ ገበሬዎች ጉዳያቸውን ከመናገራቸው በፊት በኦሮምኛ ወጉን ጠብቀው ሰላም ይሉኛል። አካም ጅርታ፣ ነጋዳ፣ ኢጆሌን ነጋዳ፣ ሆሪን ነጋዳ እያሉ ከእኔ ጤና ተነስተው፣ በልጆቹና በከብቱ በኩል አልፈው፣ ዝናቡንና ስንዴውን ይጠይቃሉ። እኔም እየመለስኩ የኮምፒውተሩን ማብሪያ እጫናለሁ። ጤነኛ ኮምፒውተር ቢሆን ልጆቹ ላይ ስንደርስ በተነሳ ነበር። የእኔዎቹ ግን ስንዴው ተጠይቆ፣ ገብሱ ተጠይቆ፣ ያለፈው ዓመት ሠርግ ተነስቶ እንኳ ስክሪናቸው ላይ ክብ ነገር ያሽከረክራሉ። ከዚያ በኋላ ወሬ መፍጠር የእኔ ድርሻ ነው። ሲነሱ ደግሞ "ለዚህ ሲስተም ከእንግዲህ ድጋፍ አይደረግም" የሚል ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ድጋፍ ሲደረግልኝ እንደኖርኩ አላውቅም ነበር።

ይህን ለታናሽ ወንድሜ የነገርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ወንድሜ ጎባ ባለ አንድ ኮሌጅ ኮምፒውተር ያስተምራል። ሌላው ሰው መታወቂያ በሚያንጠለጥልበት ገመድ እሱ አራት ፍላሽ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ከጎባ ሮቤ ደግሞ ሚኒባስ አይጠፋም። ርቀት እንኳ አላዳነኝም።

"እትዬ፣ ኮምፒውተሮቹ አላረጁም" አለኝ፣ አንዱን ከፍቶ አቧራውን እፍ ካለ በኋላ። "የከበዳቸው ሲስተሙ ነው። ሊኑክስ እንጫንባቸው።"

"ሊኑክስ ደግሞ ምንድነው?"

"እንደዚህኛው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። ግን ነፃ ነው፤ አሮጌ ማሽን ላይም ይሮጣል። ዓይነቱ ስለሚበዛ የሚስማማሽን መምረጥ ብቻ ነው የሚቀረን።"

"ስንት ዓይነት አለው?"

"ቆጥሮ የጨረሰ የለም። የአንዱ አሠራር ያልጣመው ሰው ገልብጦ የራሱን ያወጣል።"

"ተስማምተው አንድ ደህና ነገር ቢያወጡ ምን ነበረበት?"

"ነፃነት ማለት ይሄ ነው" አለኝ። ነፃነት ላልገባት እህቱ ያዘነ ይመስላል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የጫነልኝ ከሁሉም ቀላል የተባለውን ነው። እውነትም ቀላል ነበር። ስክሪኑ ላይ ከአንድ ግራጫ መስመር በቀር ምንም አልነበረበትም። ፋይል የት እንዳለ ወንድሜን ስጠይቀው ትእዛዙን ጽፌ እንድጠራው ነገረኝ። ውበቱ እዚህ ላይ ነው አለ። ሰኞ ጠዋት የመጣች አንዲት አስተማሪ ስክሪኑን አይታ "መብራት የለም እንዴ? ቆይቼ ልምጣ?" ብላኝ ሄደች። ኮምፒውተሩ ግን ደንበኛው "አካም" ብሎ "ጅርታ" ሳይል ይነሳል። ፕሪንተሬን አያውቀውም፤ የአማርኛ ኪቦርድም አላገኘሁበትም። ለአንድ ሳምንት ያህል ሮቤ ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ ተነስቶ ምንም የማይሠራ ኮምፒውተር ባለቤት ነበርኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስነግረው አልተከፋም። እንዲያውም ደስ አለው፤ ሌላ የሚጭንበት ምክንያት አገኘ። ሁለተኛው በጣም ቆንጆ ነበር። መስኮቶቹ ሲከፈቱ እንደ መጋረጃ ይወዛወዛሉ። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ግን እንደ ወፍጮ ማጓራት ጀመረ። ደንበኞቼ ውል እያስጻፉ ይጮሁ ነበር። ሻጭና ገዢ የተጣሉ መስሏቸው ከመንገድ የገቡ ሰዎች አሉ፤ ለማስታረቅ።

ሦስተኛውን የጫነልኝ በስልኩ ግሩፕ ውስጥ አንድ የማያውቀው ሰው ሁለተኛውን ስለተቸበት ነው። አራተኛውን ደግሞ እሱ ራሱ ሦስተኛውን በመተቸቱ። እኔ ምን እንደምጽፍ፣ በምን ፊደል እንደምጽፍ፣ ፕሪንተሬ የስንት ዘመን አዛውንት እንደሆነ ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች አንድም የጠየቀ የለም። ወንድሜ ሲከራከር የሚያወራው ስለ ሚሞሪ ነው። ይሄ ይህን ያህል ይበላል፣ ያኛው ያን ያህል ይበላል ይላል። ቤቴ ድግስ ያለ ነበር የሚመስለው።

ነገሩ የከረረው ሐጂ የመጡ ዕለት ነው። ሐጂ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ መጋዘናቸው ከእኔ ቤት ሦስት በር አልፎ ነው። በየዓመቱ የመጋዘናቸውን ውል ለማሳደስ ማመልከቻ ያስጽፋሉ። የዓምናውን ፋይል ከፍቼ ዓመተ ምሕረቱን እለውጣለሁ፤ አትሜ እሰጣቸዋለሁ፤ ይመርቁኛል። ሥራው ይኸው ነበር። የዚያን ቀን ፋይሉን ስከፍተው ከላይ እስከ ታች የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ነጥብና ቅንፍ ተደበላልቆበት ወጣ።

ሐጂ መነጽራቸውን አውጥተው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። "ልጄ፣ ይሄ በምን ቋንቋ ነው?"

ቅዳሜ ስለነበር ወንድሜም አለ። ከእኔ ቀድሞ መልስ ሰጣቸው። የድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች የእንግሊዝኛን ፊደል የግዕዝ መልክ ያለበሱ ናቸው፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ ልብሱ ወልቆ ውስጡ ያለው እንግሊዝኛ ይታያል፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሲስተሙ ሳይሆን ዱሮ በዚያ ፎንት የጻፈው ሰው ነው አላቸው። ዱሮ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሐጂ እጃቸውን ከዘራቸው ላይ አጣጥፈው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከጨረሰ በኋላ ለስለስ ባለ ድምፅ ጠየቁት።

"ማሻአላህ፣ ብዙ ተምረሃል። ማመልከቻው ግን ዛሬ ይደርሳል?"

"በመርህ ደረጃ፣ አዎ" አላቸው።

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ መርህ እንዳልሆንኩ ያውቃሉ። "ሐጂ፣ ይቀመጡ፤ በእጄ እጽፍልዎታለሁ" አልኳቸው። መስመር የሌለው ወረቀት አወጣሁ፤ ከሥሩ ባለመስመር ወረቀት አነጠፍኩበት። ሦስት ኮምፒውተሮች ከኋላዬ በርተው፣ ወንድሜ ገና ያልነካው ሦስተኛውም የዚያን ቀን አልነሳ ብሎ ክቡን እያሽከረከረ፣ እኔ በእስክሪብቶ "ለክቡር" ብዬ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ወረቀት ስለተበላሸብኝ ቀድጄ ጣልኩት። አፍሬ ነበር። ሐጂ ያንን አይተው ነው መሰለኝ፣ ሲወጡ "የእጅሽ ጽሕፈት ከማሽኑ ያምራል፤ አላህ ይስጥልኝ" አሉኝ። ወንድሜ እስከዚያ ድረስ አምስተኛውን እያወረደ ነበር።

በሩን መለስ አድርጌ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ፍላሾቹን ስጠኝ" አልኩት።

"የትኛውን?"

"አራቱንም። በየፍላሹ ላይ የምታውቀውን ጥሩ ጥሩ ጫንልኝና ሂድ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንዳትመጣ።"

"ብቻሽን ትጭኛለሽ? እያንዳንዱን ፎርማት እያደረግሽ?"

"ሌላ መንገድ አለው?"

ከዚያ ወደ ጫማው እያየ፣ ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ማስነሳትና መሞከር እንደሚቻል፣ ካልጣመኝ ፍላሹን ነቅዬ የድሮውን እንዳልተነካ እንደማገኘው ነገረኝ። አምስት ሳምንት ሙሉ ቤቴን እንደ ግንበኛ ሲያፈርስና ሲሠራ የነበረው ሰው ነው ይህን የሚነግረኝ።

"ታዲያ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?"

"አልጠየቅሽኝማ" አለኝ።

ፍላሾቹን ከአንገቱ አውልቆ ሲሰጠኝ ፊቱ ልጅ ሆኖ ብስክሌቱን የሸጥንበት ዕለት የነበረውን መሰለ። ማታ እናታችን ከጎባ ደወለችልኝ። "ልጄን ምን ብለሽው ነው እራት አልበላም ያለው?" አለችኝ። ስለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም መሆኑን ስነግራት፣ "እሱስ ይሁን፤ ግን ወንድምሽ ነው" ብላ ዘጋችው።

ፍላሾቹን የሞከርኩት ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ሳያባራ በዋለበት ቀን ነው። እንዲህ ያለ ቀን ሮቤ ውስጥ ማመልከቻ የሚያስጽፍ የለም። ስለ ሚሞሪ አላሰብኩም። ያሰብኩት ሰላምታው ሳያልቅ ይነሳ እንደሆነ፣ አንድ ገጽ ላይ አማርኛውንም ኦሮምኛ የሚጻፍበትን ቁቤም ጽፎ ያ አዛውንት ፕሪንተር ያትምልኝ እንደሆነ ነው። ደንበኛ ስላልነበረ ሰላምታውን ራሴው ለራሴ አልኩት፤ ቸኩዬ እንዳላጭበረብር በገበሬዎቹ ልክ ዘርዝሬ።

የመጀመሪያው ፍላሽ ከብቱ ላይ ስደርስ ተነሳ፤ ግን ያተመልኝ አማርኛ በሙሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ወጣ። የሁለተኛው ፊደሉ ደህና ነበር፤ ፕሪንተሩን ግን አላወቀውም፤ ብለምነውም አልተዋወቁም። ሦስተኛው ጭራሽ አልተነሳም። አራተኛውን የሰካሁት ለይምሰል ነው። ወንድሜ በላዩ ላይ በእስክሪብቶ "የጀማሪዎች" ብሎ ጽፎበታል። ቦታ ለመሙላት ነው የጫነው። ዝናቡን ስጠይቅ ተነሳ። ከታች በኩል ቁልፍ አለው፤ ሲጫኑት የፕሮግራሞቹ ዝርዝር ይወጣል፤ ሰው እንደሚገምተው። "ሰላም" ብዬ ጻፍኩ፤ ሰላም አለ። በቁቤ ጻፍኩ። የኦሮምኛውን ቃል ሁሉ በቀይ አሰመረበት፤ አማርኛውንም ጨምሮ፤ ቢያንስ አያዳላም። ፕሪንተሩ እንደ ልማዱ አስነጥሶ፣ ወረቀቱን ስቦ፣ አተመ።

ለሙከራ ምን እንደምጽፍ ስላላወቅኩ እጄ የለመደውን ጻፈ።

"ለታናሽ ወንድሜ፣ ጎባ። ጉዳዩ፦ በየቅዳሜው የሚካሄደው የሲስተም ለውጥ እንዲቆም ስለማመልከት። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ አመልካች አምስት ሳምንታት ሙሉ በተደረገልኝ ድጋፍ ምክንያት ሥራዬን በእስክሪብቶ ለመሥራት ተገድጃለሁ። ስለሆነም በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ የጀማሪዎች የተባለው ተጭኖ ማንም እንዳይነካው፣ ሦስተኛው የድሮ ፋይሎቼን ስለሚያነብ ከነድክመቱ እንዲተውልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ግልባጭ፦ ለእናታችን።"

ፈርሜ የቤቱን ማኅተም አደረግኩበት። ወንድሜ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። ቆሞ አነበበው። ሳቁን ለመያዝ ሲሞክር ጉንጩ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ፊደሉ አምሯል" አለ። "በየትኛው ነው የጻፍሽው?"

"በጀማሪዎቹ።"

"እሱ እኮ ለማያውቅ ሰው ነው።"

"እኔ አላውቅም" አልኩት። "ሐጂም አያውቁም። እኛን ነው የሚያክለው።"

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ተቀምጦ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ላይ የጀማሪዎቹን ጫነልኝ። ሦስተኛውን አልነካውም። መቼም እውነቱን ለመናገር እጁ ፈጣን ነው፤ የፕሪንተሩን ነገር እኔ ግማሽ ቀን የታገልኩበትን እሱ ወንበሩ ሳይሞቅ ጨረሰው። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ይሄዳል። የድሮ ፋይል ያለው ደንበኛ ሲመጣ ከሦስተኛው ኮምፒውተር አትሜ፣ አዲሱ ላይ እንደገና እተይበዋለሁ። የሐጂን በመጀመሪያ ነው የተየብኩት። አሁን የብዙው ሰው ፋይል ተቀይሯል፤ የቀረው በየዓመቱ አንዴ የሚመጡት ሰዎች ነው።

ባለፈው ወር ወንድሜ ቀኑ ቅዳሜ ሳይሆን ረቡዕ መጣ። የራሱ ላፕቶፕ አልነሳ ብሎታል። ምን እንዳደረገው አልጠየቅኩትም፤ ፊቱ ይናገራል። የተማሪዎቹን ፈተና መጻፍ ነበረበትና አንዱን የጀማሪዎች ኮምፒውተር ለቀቅኩለት። ሁለት ሰዓት ያህል አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። እኔም አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ፎቶ ኮፒዬን ሠራሁ፤ በሕይወቴ ይህን ያህል ራሴን የገዛሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሲጨርስ አትሜ ሰጠሁት። ከገጹ አናት ላይ ያለው ጥያቄ ለአሮጌ ኮምፒውተር ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲመረጥ ቀድሞ የሚታየው ነገር ምንድነው ይላል። አራት ምርጫ ተሰጥቶታል፤ አንደኛው ሚሞሪ፣ ሁለተኛው ፍጥነት፣ ሦስተኛው ደኅንነት፤ የመጨረሻው "ሁሉም መልስ ናቸው" ነው።

"የተጠቃሚው ሥራ የሚል ምርጫ የለውም?" አልኩት።

ጥያቄውን እንደገና አነበበው። ከጠረጴዛዬ ላይ እስክሪብቶ አንስቶ፣ ከአራቱ ሥር በእጁ አምስተኛ ጨመረና "ይህንን ሠላሳ ቅጂ አባዢልኝ" አለኝ።