የአጎቴ ጥርስና የእማዬ ወርቅ

ትናንት ጠዋት አጎቴ ነከሰኝ።

አዎ፣ በትክክል ነው ያነበባችሁት። ውሻ አይደለም፣ አጎቴ ነው... የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ጋሽ አድማሱ። ቀኝ እጄ በፋሻ ተጠቅልሎ በግራዬ እየለቀምኩ ነው የምጽፍላችሁ፣ ፊደል ቢዛነፍ ይቅር በሉኝ። ግን ደስታው እንቅልፍ ነስቶኝ ነው ያደረው፣ ካልነገርኳችሁ እፈነዳለሁ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን ውስጥ ከአያቶቻችን የመጣ አንድ የድሮ የወርቅ ሳንቲም አለ። ጫፉ ተበስቶ ክር ገብቶበታል፤ ከቤታችን የምትዳር ልጅ ሁሉ አንገቷ ላይ አስራው ነው የምትወጣው። እኔም አስሬው ወጥቻለሁ። እስከ ዕለተ ሞቷ ጠባቂው እማዬ ነበረች። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ተራው የልጄ ነው።

ታዲያ ጋሽ አድማሱ በእማዬ ተዝካር ላይ ጠጁ ሞቅ ሲያደርገው፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ተነስቶ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ያ ሳንቲም ነሐስ ነው! እውነተኛውን እህቴ ሸጣ በልታዋለች!»

በሞተች ሴት ላይ! አፈሯ ሳይደርቅ! (አንቱታውን የተውኩት ለዚህ ነው፤ እናቴን ሌባ ብሎ እኔን የነከሰ ሰው አንቱ አይባልም።) ታናሽ ወንድሜ ተስፋዬ የድንኳኑን እንጨት ነቅሎ ሊፈልጠው ሲል በስንት መከራ ገላገሏቸው።

ሽማግሌያችን አባባ ገብሬ «ሙት መልስ አይሰጥም። ወርቅ ሠሪ ይየውና ያኔ እንፈርዳለን» አሉ። በዚሁ ተስማምተን ትናንት ቦንጋ ገበያው አጠገብ፣ ጋሽ ኑሪ ወርቅ ቤት ተገናኘን።

ጋሽ አድማሱ ከዋጫ በጠዋቱ ሚኒባስ መጣ። ያቺን የወርቅ ጥርሱን ብልጭ እያደረገ ገባ። ጅማ ድረስ ሄዶ ነው ያስተከላት። የቀበሌ ስብሰባ ላይ እጁን እያወጣ አስተያየት የሚሰጠው ለሐሳቡ እንዳይመስላችሁ፣ ጥርሷ እንድትታይለት ነው።

ጋሽ ኑሪ ጥቁሩን የመፈተኛ ድንጋይ አወጡ። «ሳንቲሙን እዚህ ላይ ፋቅ አደርጋለሁ፣ ከጎኑ ደግሞ የማውቀውን ወርቅ ፋቅ አደርጋለሁ፣ ከዚያ ሁለቱን መስመር ማስተያየት ነው» አሉን።

«የምን መስመር! ነሐስ ከሆነ ሲመታ ይለያል!» ብሎ ጋሽ አድማሱ መዶሻውን ብድግ!

ሳንቲሙን ላፍ አደረግኩት። መዶሻው የጋሽ ኑሪን የመስታወት ጠረጴዛ እንክት አደረገው። ዞሮ እጄን ያዘኝ።

«ልቀቂ!»

«አለቅም!»

«አንቺ የሌባ ልጅ!»

ተስፋዬ ይቺን ሲሰማ መቀመጫውን ዱካ አንስቶ ጀርባው ላይ ሰበረበት። ጋሽ አድማሱ ደግሞ ዞር ብሎ በቴስታ አፍንጫውን አለው... ደም በደም ሆንን። ሚዛኑ ተገለበጠ። የናሙናው ወርቅ ያለባት ቆርቆሮ ተወርውራ ደጅ ያለው ቦይ ውስጥ ገባች፤ የቦንጋን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ጎርፉ ይዟት እብስ። አባባ ገብሬ በከዘራቸው ያገኙትን ሁሉ ይገርፋሉ፣ እኔንም ጭምር። «ኧረ አስታራቂ ነኝ! ኧረ ሽማግሌ ነኝ!» እያሉ እኮ ነው የሚገርፉት!

ጋሽ አድማሱ ጡጫዬን በጣቱ መፈልቀቅ ሲያቅተው ጎንበስ ብሎ ነከሰኝ። አጥንቴ ድረስ! ጮኼ እጄን ባለ በሌለ ኃይሌ መነጨቅኩ፣ በግራዬ ደግሞ ጆሮ ግንዱን... ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ። እጄ ሲወጣ የወርቅ ጥርሱ ሥጋዬ ላይ ተሰክታ አብራ ወጣች።

ሁላችንም ቀጥ አልን።

ጋሽ ኑሪ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ ብለው «የማወዳድርበት ወርቅ በጎርፍ ሄዷል። በአላህ፣ ወደየቤታችሁ ሂዱልኝ» አሉ።

አባባ ገብሬ እጄን እያዩ «ይሄ ጥርስ ወርቅ አይደለም እንዴ?» አሉ።

«ንጹሕ ወርቅ ነው! በሱ ይወዳደር!» አለ ጋሽ አድማሱ ደሙን እየተፋ። ማንም አላስገደደውም፣ በገዛ አፉ ነው ያለው!

ጋሽ ኑሪ ሁለቱንም ድንጋዩ ላይ ፋቁ። የጥርሱ መስመር ቀላ ይላል፣ የእማዬ ሳንቲም ደግሞ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። አይገናኙም።

«አላልኳችሁም!» ብሎ ጋሽ አድማሱ በዚያ በተቦደሰ አፉ ሳቀ። ተስፋዬ የጨበጠው የዱካ እግር ከእጁ ወደቀ። የእጄ ሕመም የባሰብኝ ያን ጊዜ ነው... ልጄን ምን አንገቷ ላይ ላስርላት? እማዬንስ ማን ብዬ ላንሳት?

«ቆይ፣ መች ጨረስኩ። አሲድ ነሐስን ይበላል፣ ወርቅን ግን አይነካም» አሉ ጋሽ ኑሪ። መደርደሪያው ላይ የተረፈችውን የአሲድ ጠርሙስ አወረዱና ሁለቱም መስመር ላይ ጠብ፣ ጠብ አደረጉ። አንደኛው መስመር አረንጓዴ አረፋ ሆነና ጥፍት አለ። ሌላኛው ንቅንቅ አላለም።

«የጠፋው የማን ነው?» አሉ አባባ ገብሬ።

ጋሽ ኑሪ መልስ ከመስጠታቸው በፊት መዶሻውን ከወለሉ አንስተው ከጀርባቸው ደበቁ። ከዚያ በቀስታ...

«የጥርሱ።»

ደሙ በክርኔ እየወረደ እልልታዬን አቀለጥኩት! ገበያው ሁሉ ሰርገኛ የመጣ መስሎት ወጣ።

«ጅማ ሄጄ ያን ጥርስ ተካይ በገዛ ጉጠቱ ነው የማርደው!» እያለ ጋሽ አድማሱ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «መጀመሪያ እህትህን ይቅርታ ጠይቅ» አሉት አባባ ገብሬ። ፈረዱበት፦ በልጄ ሰርግ ድንኳን ውስጥ፣ ያው ሰው ፊት ተነስቶ «እህቴን አፌ በደላት» ይላል፣ ሳንቲሙንም በገዛ እጁ ልጄ አንገት ላይ ያስራል። ያወደምንባቸውን የጋሽ ኑሪን ንብረት ግን ሁላችንም እንድንክስ ነው የተባለው፣ ይሁን።

ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ «ምን ነከሰሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አጎቴ።»

«እሺ፣ የአጎትሽ ውሻ ተከትቧል?»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ቁስሉ ግን እስካሁን ይጠዘጥዘኛል... ለካ ሐሰተኛ ወርቅም ሲነክስ እንደ እውነተኛው ነው!