ዮናስ የመለሰው ጥያቄ

ሻማ እፍ ተብሎ ሲጠፋ የሚተወው ሽታ እስከ ዛሬ አባዬን ያመጣብኛል። ባለፈው ሰሞን፣ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ያለው ቤታችን ውስጥ ጠፍቶ የነበረው መብራት ሲመጣ፣ ልጄ ማርታ ሻማውን እፍ አለችውና ያ ጉሮሮ የሚከረክር ነጭ ጭስ ሳሎኑን ሲዞረው፣ እኔ ሶፋው ላይ እንደተቀመጥኩ ልቤ ካዛንቺስ ገባ።

ያደግነው ካዛንቺስ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በሚታጠፈው ቅያስ፣ ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር በምንጋራው የቀበሌ ቤት ግቢ ውስጥ ነበር። አባዬ ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት የሳይንስ አስተማሪ ነበር፤ እማዬ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። ልጆቻቸው እኔና ታናሽ ወንድሜ ዮናስ ነበርን። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አባዬ የግቢውን ልጆች በረንዳችን ላይ ሰብስቦ የሳይንስ የቤት ሥራ ያሠራን ነበር፤ ያሠራን ነበር ስል ግን መልስ ነግሮን አያውቅም። «አባዬ፣ ሻማ ያለ አየር ይነዳል?» ብዬ ስጠይቀው «እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ፣ ሻማውን አትጠይቂውም?» ይለኝና ብርጭቆ አስመጥቶ ያስደፋኝ ነበር፤ እሳቱ እያነሰ ሄዶ ጭል ጭል ብሎ ድርግም ሲል፣ ብርጭቆውን ስናነሳ ያ ሽታ ይወጣና ሁላችንም አፍንጫችንን ይዘን እንንጫጫ ነበር። መልሱን ያወቅን ሲመስለን ደግሞ «ወሬውን ተዉትና አሳዩኝ» ይለን ነበር።

ክረምት ሲገባ በረንዳው ስለሚያፈስ ወደ ውስጥ እንገባና፣ ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ እርስ በርስ እስከማንደማመጥ ድረስ ሲጮህ፣ መስኮቱ ጋ ተደርድረን መስታወቱ ላይ እየተነፈስን በጣታችን ሥዕል እንሥል ነበር። አባዬ ከኋላችን መጥቶ «ይሄ ውሃ ከየት መጣ? ዝናቡ ያለው ውጭ፣ እናንተ ያላችሁት ውስጥ» ሲል፣ ከዝናቡ ነው በሚሉና ከአፋችን ነው በሚሉ ልጆች ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ እስከ መክሰስ ድረስ ይጨቃጨቅ ነበር። መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ እርጥብ ጥጥ ላይ ባቄላ እናበቅል ነበር፤ እማዬ «የሻይ ብርጭቆዎቼን በሙሉ ባቄላ ወረሰብኝ» እያለች ታጉረመርማለች፣ ወደ ሥራ ስትወጣ ግን ውሃ የጎደለበትን እየሞላች እንደምታልፍ አይቻለሁ። በጋው ሲከር ደግሞ ግቢው መሃል እንጨት ተክለን ጥላው ሲያጥርና ሲረዝም መሬቱ ላይ በስንጥር እናሰምርበት ነበር።

ከሁላችንም ቀድማ የምትመልሰው የባለሱቁ የጋሽ ሸምሱ ልጅ ሐያት ነበረች፤ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ ከአፏ ይወጣል። የመጨረሻው ዮናስ ነበር። ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፣ ይንተባተብ ስለነበር ነው። የመጀመሪያው ፊደል ከንፈሩ ላይ ይያዝበትና አንገቱ ተገትሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲታገል፣ ለሻማውም ለባቄላውም ያን ያህል ትዕግሥት የነበረው አባዬ ይህን መታገስ ያቅተው ነበር። ዮናስ «ሥ… ሥ…» ሲል «ሥር! ሥር ልትል ነው፣ ጎበዝ!» ብሎ ይጨርስለት ነበር። ልጁ ሲጨነቅ ማየት ስለማይችል ከፍቅር የሚያደርገው ነበር፤ ዮናስ ግን አፉን ይዘጋና ቀኑን ሙሉ ዝም ይል ነበር። አንድ ቅዳሜ እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ «ለሌሎቹ መልስ አትነግርም፣ ለእሱ ለምን ትነግረዋለህ? ተወው፣ ራሱ ይጨርሰው» አለችው። አባዬ በእጁ የነበረውን ጠመኔ ያሻሽ ጀመር።

ዮናስ አራተኛ ክፍል በነበረበት ዓመት፣ ሰኔ ላይ ለሚከበረው የወላጆች በዓል ትምህርት ቤታችን የጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጀ። ኡራኤል አቅራቢያ ባለው በዚያ ትምህርት ቤት ሐያትና ዮናስ አንድ ክፍል ስለነበሩ፣ አስተማሪያቸው ክፍላቸውን ወክለው እንዲወዳደሩ ሁለቱን መረጠች። አባዬ ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። «ይቅርበት» አለ ራት ላይ፣ «ያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሞ ቃል ሲያጥረው ልጆቹ ይስቁበታል፤ ከዚያ በኋላ ጭራሽ አይናገርም።» እማዬ «እኔን ከምትነግረኝ እሱን ጠይቀው» አለችው። አባዬ ወደ ዮናስ ዞረ። ዮናስ ጉርሻውን ዋጠና «እ… እ…» ሲል አባዬ ሊጨርስለት አፉን ከፈተ፤ እማዬ ዓይኗን ስታፈጥበት ግን መልሶ ዘጋው። «እ… እሄዳለሁ» አለ ዮናስ።

በዓሉ ዕለት አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። እኔ በአባዬና በእማዬ መካከል ተቀምጬ ነበር። መነጽር ያደረጉት ጠያቂው መምህር ለእያንዳንዱ ልጅ የየራሱን ጥያቄ ያቀርቡ ነበር፤ ሌላው እንዲመልስለት አይፈቀድም። የዮናስ ተራ ደረሰ። «ከአፋችን በሚወጣው ትንፋሽ ውስጥ ውሃ መኖሩን በምን እናውቃለን?»

ዮናስ ብድግ አለ። «መ… መ… መ…» መስታወት ሊል እንደሆነ ገባኝ። ሐያትም ገብቷታል፤ እንዳያመልጣት በሁለት እጇ አፏን አፍና ይዛ ነበር። ከኋላ አንድ ልጅ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፣ ሌሎችም ተከተሉት። መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ። አባዬ ከመቀመጫው ተነሳ፤ እማዬ በእኔ ጭን ላይ እጇን አሳልፋ የኮቱን ጫፍ ያዘችና «ቁጭ በል» አለችው፣ እንደዚያ ቆጣ ብላ ስታናግረው ሰምቼ አላውቅም።

ዮናስ ቃሉን ትቶ ከጠረጴዛው ጀርባ ወጣ። ወደ መምህሩ ሄዶ እጁን ዘረጋ፣ መነጽራቸውን በጣቱ አመለከተ። እሳቸውም ምን እንደፈለገ ሳይገባቸው አውልቀው ሰጡት። አፉን ከፍቶ «ሀ…» ብሎ ተነፈሰበትና ጭጋግ የለበሰውን መነጽር ለሰዉ ሁሉ ከፍ አድርጎ አሳየ። «ይኸው!» አለ፣ ጥርት ባለ ድምፅ። መምህሩ ያለ መነጽር ዓይናቸውን እያጠበቡ ሳቁና «ከዚህ በላይ ምን መልስ አለ?» ብለው ሲያጨበጭቡ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እማዬ አለቀሰች። አባዬ አላጨበጨበም፤ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ጭኖ ዮናስን ብቻ ያይ ነበር።

ውድድሩን ግን አላሸነፉም። ሐያት የሌሊት ወፍ ከየትኛው የእንስሳት ክፍል ትመደባለች ተብላ ስትጠየቅ «ከወፍ! ስሟ ላይ አለ አይደል?» ብላ ቸኮለች። እስከ ሰፈር ድረስ ስታለቅስ ዮናስ ደብተሯን ተሸክሞላት ነበር።

ግቢያችን በር ላይ ስንደርስ አባዬ ዮናስ ፊት ቁጢጥ አለና «እንደዚያ አድርግ ብሎ ማን ነገረህ?» ብሎ ጠየቀው። ዮናስ «አ… አ…» ብሎ ተያዘ። ዓይኑን ጨፈነ፣ አንገቱ ተገተረ። አባዬ ጠበቀ። ሰው በአጠገባችን አለፈ፣ ታክሲ ከአስፋልቱ ጮኸ፣ አባዬ ከንፈሩን ገጥሞ፣ ቁጢጥ እንዳለ ጠበቀ። «አ… አንተ ነሃ! አ… አሳዩኝ ትለናለህ እኮ» አለ ዮናስ በመጨረሻ። አባዬ «እውነትህን ነው» ብሎ አቀፈው፤ ሲነሳ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረብን። ከዚያ ቀን ወዲህ የዮናስን ቃል ሲጨርስበት አልሰማሁም።

መንተባተቡ እየቀነሰ ሄደ እንጂ ጨርሶ አልተወውም። ዛሬ ሐዋሳ ሚስት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ ይኖራል። አባዬ ታሞ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል፤ ግቢያችንም ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ አብሮ ፈረሰ፣ አሁን በዚያ ሳልፍ በረንዳው የቱ ጋ እንደነበር ለመለየት እቸገራለሁ።

ማርታ አሁን አራተኛ ክፍል ናት። በእሷ ዕድሜ እኔ ከማውቀው ይልቅ እሷ የምታውቀው ይበልጣል፤ የቤት ሥራዋን ስልኬ ላይ ትጠይቃለች፣ ስልኩም ወዲያው፣ በሥዕልም በቪዲዮም ይነግራታል፣ ደግሞም ልክ ነው። እኛ አንዲት ነገር ለማወቅ ግማሽ ቀን ይፈጅብን ነበር፤ ያን ግማሽ ቀን ሁላችንም አንድ ላይ እንሆን ነበር። የእሷ ጥያቄ በደቂቃ ያልቅና ስልኬን መልሳልኝ «አመሰግናለሁ እማ» ብላ ወደ ክፍሏ ትገባለች፣ እኔም ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።